የደርቢሻየር ውሃ፦ ረግረጉ፣ ፋብሪካውና ቦዩ

ደርቢሻየር እንግሊዝ መሃል ላይ ያለ አውራጃ ነው። ደቡቡ ለጥ ያለ የእርሻ አገር ሲሆን ሰሜኑ በማንቸስተርና በሼፊልድ ከተሞች መካከል የሚገኝ፣ ነፋስ የማይለየው ደጋ ነው። ከዚያ ደጋ የሚወርደው ደርወንት የሚባል ወንዝ እንደ ቴምዝ ስሙ የገነነ አይደለም፤ ስፋቱም መጠነኛ ነው። ነገር ግን ዛሬ «ፋብሪካ» ሲባል በዓይነ ሕሊናችን የሚመጣው ነገር፣ ብዙ ሠራተኛ በደወል ገብቶ በደወል የሚወጣበት፣ ማሽኑ ሌሊትም የማያርፍበት ቤት፣ መልክ የያዘው በዚህ ወንዝ ሸለቆ ውስጥ ነው።

ስለዚህ አውራጃ ሲጻፍ ብዙውን ጊዜ ነገሩ ይከፋፈላል። የደጋው ዕፅዋት ለተፈጥሮ ተመራማሪዎች፣ አሮጌዎቹ ፋብሪካዎች ለታሪክ ሰዎች፣ ቦዮቹ ደግሞ ለጀልባ ወዳጆች ይተዋሉ። እንዲህ መከፋፈሉ ዋናውን ነገር ይሸፍነዋል ብዬ አምናለሁ። ደጋው ውሃውን ያጠራቅማል፤ ፋብሪካው በጉልበቱ ይሠራል፤ ቦዩ ዕቃ ያጓጉዝበታል። አንዱ ሲነካ ሌላውም መነካቱ አይቀርም። ከዚህ በታች የሚጠቀሱት ዓመታት በሙሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

ውሃ የሚያቁሩት ዕፅዋት

የአውራጃው ከፍተኛ ቦታ ኪንደር ስካውት ይባላል፤ ከባሕር ወለል በላይ 636 ሜትር ነው። ጎረቤቱ ብሊክሎው በጥቂት ሜትር ብቻ ያንሰዋል፤ ደርወንት የሚመነጨውም ከብሊክሎው ነው። በኢትዮጵያ ይህ ከፍታ ቆላ በሆነ ነበር። እዚያ ግን አገሩ ወደ ሰሜን የራቀ ከመሆኑም በላይ ከአትላንቲክ ውቅያኖስ የሚመጣው ደመና ያለማቋረጥ ስለሚዘንብበት፣ ብርዱና ጭጋጉ ዛፍ አያስበቅልም ማለት ይቻላል።

ጫፉ ጠፍጣፋ ስለሆነ ዝናቡ ቶሎ አይወርድም። መሬቱ ውሃ ሲጠግብ አየር ያጣል፤ አየር በሌለበት ደግሞ የሞተ ተክል በቅጡ አይበሰብስም። ስለዚህ ዓመት በዓመት ላይ ይከመርና ፒት የሚባለው ጥቁርና ለስላሳ አፈር ይሆናል። ፒት በዓመት የሚያድገው አንድ ሚሊ ሜትር ገደማ ብቻ ነው። ሁለት ሜትር ጥልቀት ያለው ፒት እንግዲህ የሁለት ሺህ ዓመት ያህል ሥራ ነው።

የዚህ ሥራ ባለቤት ስፋግነም የሚባል፣ ከጣት ርዝመት የማይበልጥ እርጥብ እጽ ነው። እውነተኛ ሥር የለውም። ከላይ እያደገ ከታች ይሞታል፤ የሞተውም ክፍል ፒት ይሆናል። ጥቃቅን ቅጠሎቹን በማጉያ መነጽር ላያቸው ሰው ምስጢሩ ይገለጥለታል፤ አረንጓዴ ከሆኑት ሕያው ሴሎች ጎን ለጎን ባዶ የሆኑ ትልልቅ ሴሎች አሉ፤ ግድግዳቸውም ቀዳዳ አለው። ዝናቡ በእነዚያ ቀዳዳዎች ገብቶ ይቀመጣል። በዚህ ዘዴ ስፋግነም ደርቆ ከሚመዝነው እስከ ሃያ እጥፍ የሚደርስ ውሃ ይይዛል፤ አንድ እፍኝ አንስተው ቢጨምቁት እንደ ስፖንጅ ውሃው በጣት መካከል ይፈስሳል። በዙሪያው ያለውን ውሃም አሲዳማ ስለሚያደርገው፣ የሚያበሰብሱ ረቂቅ ነፍሳት አይስማማቸውም። ውሃ መምጠጡ በአንደኛው የዓለም ጦርነት ለሌላ ነገርም ጠቅሟል፤ ጥጥ ሲያጥር ብሪታንያውያን ስፋግነም እየለቀሙና እያደረቁ ለወታደሮች ቁስል ማሸጊያ አድርገውታል።

ከእሱ ጋር የጥጥ ሣር ይበቅላል። በሰኔ ወር አካባቢ ጫፉ ላይ ነጭ፣ ባዘቶ የመሰለ ፍሬ ያወጣና ረግረጉን ያለብሰዋል። ቃጫው አጭርና ተሰባሪ ስለሆነ ሊፈተል አይችልም፤ በድሮ ጊዜ ትራስ ይሞላበት ነበር። ደረቅ በሆነው ቦታ ላይ ደግሞ ሄዘር የሚባለው ቁጥቋጦ አለ፤ በነሐሴ ሐምራዊ አበባውን ሲያወጣ ተራራው በሙሉ ቀለም ይቀይራል። ስሜንና ባሌ ተራሮችን የወጣ ሰው አስታን ያውቃል፤ አስታና ሄዘር የአንድ ቤተሰብ ዕፅዋት ናቸው፤ ደቃቅ ቅጠላቸው ራሱ ዝምድናቸውን ይመሰክራል። በሄዘሩ መካከል ቢልቤሪ አለ፤ ፍሬው ጥቁር ሰማያዊ ነው፤ ሰዎች እየለቀሙ ለኬክና ለማርማላታ ያደርጉታል። ብርቱካናማ ፍሬ የሚያፈራው ክላውድቤሪ የሰሜን ቀዝቃዛ አገሮች ተክል ነው፤ እዚህ የሚገኘው በከፍታው ላይ ብቻ ነው። እርጥቡ ቦታ ላይ ሰንዲው ይገኛል። አፈሩ ምግብ ስለሌለው፣ ቅጠሉ ላይ በሚያንጸባርቁ ተጣባቂ ጠብታዎች ትንኝ ይዞ ይመገባል።

እነዚህ ሁሉ ተባብረው ዝናቡ ቀስ ብሎ እንዲወርድ ያደርጋሉ። ለወንዙ ትልቁ ጥቅማቸውም ይህ ነው።

ጥጥ በውሃ ሲፈተል

ውሃ በደርቢሻየር ማሽን ማንቀሳቀስ የጀመረው ከጥጥ በፊት ነው። በደርቢ ከተማ፣ ደርወንት ዳር፣ በ1721 የሐር ፋብሪካ ተሠርቶ ነበር። ታሪክ የቀየረው ግን ሪቻርድ አርክራይት የሚባል ሰው ነው፤ ከሐብታም ቤት አልተወለደም፤ ሥራውም ጸጉር ማስተካከልና ሰው ሠራሽ ጸጉር መሥራት ነበር።

የዘመኑን ችግር ለመረዳት ለአማርኛ አንባቢ ብዙ ማብራሪያ አያስፈልግም። ሸማ ለመሥራት ድርና ማግ ያስፈልጋል። ድሩ ሸማ መሥሪያው ላይ ተወጥሮ ስለሚቆም ጠንካራ መሆን አለበት፤ ማጉ ግን ላላ ቢል ግድ የለም። ጄምስ ሃርግሪቭስ የፈጠረው ማሽን በአንድ ጊዜ ብዙ እንዝርት ያሾር ነበር፤ ነገር ግን ፈትሉ ለማግ እንጂ ለድር አይበቃም። ስለዚህ የእንግሊዝ ሸማኔዎች ድሩን ከተልባ እግር ክር ያደርጉት ነበር። አርክራይት በ1769 የባለቤትነት መብት ያወጣበት ማሽን ይህን ፈታ። አመልማሎው በተከታታይ ጥንድ ጥቅልሎች መካከል ያልፋል፤ እያንዳንዱ ጥንድ ከበፊተኛው ይፈጥናል። ፍጥነታቸው ስለሚለያይ አመልማሎው እየተሳበ ይቀጥናል፤ በመጨረሻም እንዝርቱ አጥብቆ ይገምደዋል። የሚወጣው ክር ለድር የሚበቃ ጠንካራ ነበር። ይህ ማሽን ግን ለሰው እጅ ከባድ ነው። መጀመሪያ ኖቲንግሃም ውስጥ በፈረስ ሞከሩት፤ ፈረስ ግን ወጪው በዛ።

አርክራይትና ሸሪኮቹ በ1771 ወደ ክሮምፎርድ መንደር መጡ። ቦታው የተመረጠበት ምክንያት በጣም ያስደንቀኛል። በአካባቢው የእርሳስ ማዕድን ይቆፈር ነበር፤ ቆፋሪዎቹ ጉድጓዳቸው በውሃ እንዳይሞላ ከሥር ረጅም ማፋሰሻ ዋሻ ሠርተዋል። ከዚያ ዋሻ የሚወጣው ውሃ ከመሬት ውስጥ ስለሚመጣ ለብ ያለ ነው፤ በክረምት ወንዙ ሲቀዘቅዝ እሱ በረዶ አይሆንም፤ በበጋም አይጎድልም። ለማዕድን ሰዎቹ ጠላት የነበረው ውሃ ለፋብሪካው ወርቅ ሆነ። ሌላው ምክንያት ሰው ነው፤ የማዕድን ሠራተኞቹ ሚስቶችና ልጆች ሥራ ይፈልጉ ነበር።

ፋብሪካው በ12 ሰዓት ፈረቃ ቀንና ሌሊት ይሠራ ነበር። ከሠራተኞቹ ብዙዎቹ ሕፃናት ነበሩ፤ ሰባት ዓመት የሞላቸው ሳይቀሩ ይቀጠሩ ነበር። በ1776 የተሠራው ኖርዝ ስትሪት የሚባለው የሠራተኞች ሰፈር ዛሬም ሰው ይኖርበታል፤ ፎቁ ላይ ያሉት ሰፋፊ መስኮቶች ለሽመና ብርሃን እንዲሰጡ የተቀመጡ ናቸው። አርክራይት ከማዕድኑ ውሃ አልፎ በ1783 ማሰን የተባለውን ፋብሪካ በቀጥታ ደርወንት ላይ ሠራ። ሸሪኩ የነበረው ጀደዳያ ስትራትም ቤልፐር ላይ የራሱን አቆመ።

የስትራት ቤተሰብ የጥንቱ ፋብሪካ በ1803 በእሳት ጠፋ። ወለሉ እንጨት ነበር፤ ከማሽኑ የሚንጠባጠብ ዘይት ይጠጣል፤ የጥጥ ብናኝ በአየር ላይ ነው፤ ብርሃኑ ደግሞ ሻማ። የጀደዳያ ልጅ ዊልያም ስትራት በ1804 በቦታው ላይ ሌላ ሕንፃ ሲያቆም ምሰሶውን ከብረት፣ ጣሪያና ወለሉን ከጡብ ቅስት አደረገው። ሕንፃው ዛሬም ቆሟል። በብረት ተሸካሚ መዋቅር ከተሠሩት የመጀመሪያዎቹ ሕንፃዎች አንዱ ስለሆነ፣ ዛሬ የምናውቃቸው ፎቆች አመጣጥ ሲጠና ስሙ ይነሳል። ከዚያው ከቤልፐር በስትራት ሥር ሙያ የተማረው ሳሙኤል ስሌተር በ1789 ወደ አሜሪካ ሄደ። ማሽን ከአገር ማውጣት በሕግ የተከለከለ ስለነበር አሠራሩን በቃሉ ይዞ ነው የሄደው። በሮድ አይላንድም በውሃ የሚሠራ የጥጥ መፍተያ አቆመ። አሜሪካውያን የኢንዱስትሪያቸው አባት ሲሉት፣ ቤልፐር ግን ከሃዲ ብላዋለች።

ይህን ሁሉ ስናደንቅ መርሳት የሌለብን ነገር አለ። ጥጡ በአብዛኛው የመጣው በባርነት ከተያዙ አፍሪካውያን እጅ ነው፤ መጀመሪያ ከካሪቢያን ደሴቶችና ከብራዚል፣ በኋላ ከዩናይትድ ስቴትስ ደቡባዊ ግዛቶች። አውራጃው ውስጥም ግፍ ነበር። ሮበርት ብሊንኮ የሚባል ወላጅ የሌለው ልጅ ከለንደን የድሆች መጠለያ ተወስዶ፣ በመጨረሻ ዋይ ወንዝ ላይ ባለው ሊተን ፋብሪካ ውስጥ የደረሰበትን ድብደባና ረሃብ ጎልማሳ ሆኖ ተናገረ። ታሪኩ በ1832 በመጽሐፍ ወጣ፤ ስለ ሕፃናት ጉልበት በተደረገው ክርክርም ምስክር ሆነ።

እህል የሚፈጩት ወፍጮዎች ከእነዚህ ጎን ትንሽ ቢመስሉም በዕድሜ ይበልጧቸዋል። ሃርድዊክ አጠገብ ያለው ስቴንስቢ ወፍጮ ቦታው ከመካከለኛው ዘመን ጀምሮ ወፍጮ የነበረበት ነው፤ ጎብኚ ፊት እህል ይፈጫል። ሮዝሊ ላይ በ1874 የተሠራው የኮድዌል ወፍጮ ደግሞ ድንጋዩን ትቶ በብረት ጥቅልሎች እንዲፈጭ፣ በውሃ ተርባይን እንዲዞር የተደረገ ነው። ስታኔጅ በሚባለው ገደል ሥር ተቀርጸው ያለቁ የወፍጮ ድንጋዮች ሣር ውስጥ ተጋድመው ይታያሉ። ገበያው ነጭ ዱቄት ሲፈልግ፣ የአካባቢው ሻካራ ድንጋይ ዱቄቱን ስለሚያጠቁረው ከፈረንሳይ የሚመጣው ድንጋይ ተመረጠ፤ ድንጋይ ጠራቢዎቹም ሥራቸውን እዚያው ጥለው ሄዱ።

ውሃው ሸክም ሲሸከም

ፋብሪካ ያለ መንገድ አይኖርም። በዚያ ዘመን የነበረው የጋሪ መንገድ በዝናብ ጊዜ ጭቃ ነበር። አንድ ፈረስ በጋሪ ከሚጎትተው ብዙ እጥፍ፣ ከ20 ቶን በላይ የጫነ ጀልባ በቦይ ላይ ይጎትታል። ፓርላማው በ1789 የክሮምፎርድን ቦይ ፈቀደ፤ ዊልያም ጄሶፕና ቤንጃሚን አውትራም መሐንዲሶቹ ነበሩ፤ በ1794 ተከፈተ። ርዝመቱ 23 ኪሎ ሜትር ገደማ ሲሆን ከክሮምፎርድ ተነስቶ ላንግሊ ሚል ላይ ከሌላ ቦይ ይገናኛል።

ቦይ አቀበት አይወጣም፤ ከፍታ ሲለያይ ሎክ ያስፈልጋል። ሎክ በሁለት በሮች የተዘጋ ጠባብ ክፍል ነው። ጀልባው ከታች ይገባል፤ በሩ ይዘጋል፤ ከላይ ውሃ ይለቀቅበታል፤ ጀልባው ከውሃው ጋር ከፍ ይልና በላይኛው በር ይወጣል። ሥራው ቀላል ነው፤ ነገር ግን አንድ ጀልባ ባለፈ ቁጥር አንድ ክፍል ሙሉ ውሃ ከላይ ወደ ታች ይሄዳል። ቦዮች ውሃ የሚጠሙት ለዚህ ነው። የክሮምፎርድ ቦይ 14ቱ ሎኮች በሙሉ በታችኛው ጫፍ ናቸው፤ ከዚያ በላይ ያለው ረጅም ክፍል የኮረብታውን ጎን ተከትሎ አንድ ልክ ይሄዳል። ደርወንትን በድንጋይ የውሃ ድልድይ ይሻገራል፤ በተርሌ ላይ ደግሞ ከ2.5 ኪሎ ሜትር በላይ የሆነ ዋሻ ያልፋል። ዋሻው የፈረስ መሄጃ ስላልነበረው፣ ጀልባ ነጂዎቹ በጀርባቸው ተንጋልለው ግድግዳውን በእግራቸው እየገፉ በጨለማ ያሳልፉት ነበር።

ውሃው የማን ነው የሚለው ጥያቄ የተነሳው እዚህ ላይ ነው። የማዕድን ባለቤቶች ጠለቅ ያለ ሌላ ማፋሰሻ ሲቆፍሩ የክሮምፎርድ ውሃ ወደ ታች ከዳ። የአርክራይት ወገን ክስ አቀረበ። ፍርድ ቤቱ በ1839 ሲወስን፣ ውሃው ለማዕድን ሥራ ሲባል የተለቀቀ ሰው ሠራሽ ፍሰት ስለሆነ፣ ለዓመታት የተጠቀመበት ሰው ይቀጥልልኝ የማለት መብት የለውም አለ። ውሃ በዓለም ታዋቂ የሆነውን ፋብሪካ እንደሠራው ሁሉ፣ ከዚህ ውሳኔ በኋላ ማጣቱ አደከመው። ቦዩም ያንኑ ውሃ ይጠጣ ስለነበር ተጠማ። በ1849 ሊውድ ላይ የእንፋሎት ፓምፕ ተሠራና ከደርወንት ውሃ እየቀዳ ወደ 9 ሜትር ከፍ አድርጎ ቦዩ ውስጥ መጨመር ጀመረ። ታዲያ ፓምፑ እንዲቀዳ የተፈቀደለት ከቅዳሜ ማታ እስከ እሑድ ማታ ብቻ ነበር፤ በሌላው ቀን ውሃው የታችኞቹ ፋብሪካዎች ነው።

በ1831 ከዚህ ቦይ ተነስቶ ተራራውን አቋርጦ ወደ ሰሜን ምዕራቡ የፒክ ፎረስት ቦይ የሚያደርስ የባቡር ሐዲድ ተከፈተ። ባቡር ግን ረዳት ሆኖ አልቀረም፤ የቦዩን ጭነት ወሰደ። የበተርሌ ዋሻ ከሥሩ በሚቆፈረው የድንጋይ ከሰል ምክንያት መሬቱ እየሰመጠ በ1900 ተዘጋ፤ ቦዩ በ1944 ተተወ። ዛሬ ከክሮምፎርድ እስከ አምበርጌት ያለው ክፍል የተጠበቀ የተፈጥሮ ቦታ ነው፤ በብሪታንያ ቁጥሯ እጅግ የቀነሰው የውሃ አይጥ ትኖርበታለች።

የአሮጌ ቦይ ግንባታ ያለፈ ነገር ነው ብሎ ማሰብ ግን አደገኛ ነው። የፒክ ፎረስትን ቦይ ለመመገብ በአሥራ ዘጠነኛው ክፍለ ዘመን የተሠራው የቶድብሩክ ግድብ በነሐሴ 2019 ከከባድ ዝናብ በኋላ የውሃ ማስተንፈሻው በከፊል ፈረሰ። ከሥሩ ባለችው ዌሊ ብሪጅ ከተማ 1,500 ያህል ነዋሪዎች ቤታቸውን ለቀው ወጡ።

ጭሱ ወደ ተራራው ሲመለስ

ፋብሪካዎች ከውሃ ወደ እንፋሎት ሲዞሩ የድንጋይ ከሰል ጭስ በማንቸስተርና በአካባቢው ከተሞች ላይ ተከመረ። በጭሱ ውስጥ ያለው ድኝ ከዝናብ ጋር ተቀላቅሎ በኪንደርና በብሊክሎው ላይ ወረደ። ስፋግነም ሥር ስለሌለው የሚጠጣው ከሰማይ የሚመጣውን ብቻ ነው፤ ስለዚህ መርዙ ቀድሞ የጎዳው እሱን ነው። ከመቶ ዓመት በላይ በዘለቀ ብክለት ከሰፊ ቦታ ጠፋ። በዚያ ላይ እሳትና የበጎች ግጦሽ ተጨመሩ። ፒቱ ልብሱን ካጣ በኋላ ዝናብ እየሸረሸረ ከሰው ቁመት በላይ የጠለቁ ጥቁር ቦረቦሮች ቆፈረበት። ውሃው ቀስ ብሎ መውረዱ ቀረ፤ ሲዘንብ በአንድ ጊዜ ይጎርፋል። ፒቱም ከጎርፉ ጋር እየታጠበ፣ በ1912፣ በ1916 እና በ1945 በላይኛው ደርወንት ላይ ወደተሠሩት የመጠጥ ውሃ ግድቦች ገባ። በፒት ውስጥ ለሺህ ዓመታት የተቀበረው ካርቦን ደግሞ ወደ አየር ይወጣል።

በእኔ እምነት የዚህ አውራጃ ትልቁ ሥራ አሁን እየተሠራ ያለው ነው። በ2003 የተቋቋመ የጋራ ፕሮጀክት ከአካባቢው ብሔራዊ ፓርክ፣ ከውሃ ድርጅቶችና ከሌሎች ጋር ሆኖ ደጋውን እያለበሰ ነው። መጀመሪያ ኖራ ይረጫል፤ አሲዱ ካልበረደ ምንም አይበቅልም። ከዚያ ቶሎ የሚይዝ ሣር ይዘራና የተቆረጠ ሄዘር ከነዘሩ ይነጠፍበታል፤ አፈሩን ከነፋስ ይሸፍናል። ቦረቦሮቹ በድንጋይና በእንጨት ይገደባሉ። ከአየር በሄሊኮፕተር የሚወርደው ዕቃ ብዙ ነው፤ መንገድ የለምና። በመጨረሻ የስፋግነም ችግኝ በእጅ እየተወጋ ይተከላል። ዕፅዋቱ በተመለሱበት ቦታ ጎርፉ ፍጥነቱ መቀነሱ በመለኪያ ታይቷል። ያልተቋጨው ክርክር ስለ ሄዘር ቃጠሎ ነው። ግራውስ የሚባለውን የዱር ወፍ የሚያድኑ ባለርስቶች ለጋ ቡቃያ እንዲወጣለት ሄዘሩን በየተራ ያቃጥላሉ። በጥልቅ ፒት ላይ ማቃጠል የስፋግነምን መመለስ ይጎዳል የሚሉት ወገኖች ክርክራቸው ለእኔ ይበልጥ ያሳምነኛል።

ያ ደጋ ለአደን ተብሎ ለሕዝብ ዝግ ነበር። ሚያዝያ 24 ቀን 1932 በመቶዎች የሚቆጠሩ የከተማ ሠራተኞች ያለ ፈቃድ ኪንደርን ወጡ፤ አምስቱ ታሰሩ። በ1951 የብሪታንያ የመጀመሪያው ብሔራዊ ፓርክ የሆነው ይኸው አካባቢ ነው፤ በ2001 ደግሞ የደርወንት ሸለቆ ፋብሪካዎች በዩኔስኮ የዓለም ቅርስነት ተመዘገቡ።

በእንግሊዝ ለሚኖር አንባቢ ጉብኝቱ መኪና አይጠይቅም። ከደርቢ ወደ ማትሎክ የሚሄደው ባቡር በቤልፐር፣ በአምበርጌትና በክሮምፎርድ ይቆማል፤ ከክሮምፎርድ እስከ አምበርጌት በቦዩ ዳር ያለው የድሮ የፈረስ መንገድ ሜዳ ስለሆነ ሕፃናትና አዛውንት ይዞ መሄድ ይቻላል። ለኪንደር በሼፊልድና በማንቸስተር መካከል ኢዴል ጣቢያ ላይ መውረድ ነው፤ ጥሩ ጫማና የዝናብ ልብስ ግን የግድ ነው፤ ጭጋጉ በፀሐይ ቀንም በድንገት ይወርዳል። የጥጥ ሣሩን ለማየት ሰኔ፣ ለሄዘሩ ነሐሴ ይሻላል።